የገቢ ግብር ይቅርልን ለምትሉ፦ ከጉቴ የተላከ ምክር

ሐምሌ ሲገባ ነቀምቴም ሆነ ጉቴ፣ ቡና በሚጠጣበት ሁሉ አንድ የግብር ሊቅ አይጠፋም። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል፣ ባለሱቁ ያምናውን የግብር ወረቀት ከመሳቢያ አውጥቶ ይተክዛል፣ ሊቁ ደግሞ ስኒውን አስቀምጦ ይናገራል፤ «ይኼን ገቢ ግብር የሚሉትን ጣጣ ከነአካቴው ለምን አያስቀሩትም? ሰው በገዛ ቁጥር ይክፈል፤ ያልገዛ አይክፈል፤ አለቀ!» የሚቃወመው የለም። መምህሩ የደመወዙን ወረቀት አስቦ ራሱን ይነቀንቃል። ባለሱቁ የግብር ገማቾቹን አስቦ «እውነትዎን ነው ኦቦ» ይላል። አፍ አውጥቶ «እንዴት ሆኖ?» ብሎ የሚጠይቅ ቢኖር እንኳ፣ እንዲህ ያለ ጥያቄ የሚጠይቅ ሰው ሁለተኛ ቡና አይጋበዝም።

እኔም አልቃወምም። እንዲያውም ሐሳቡ ዛሬ ነገ ሕግ ይሆናልና ተዘጋጁ ባይ ነኝ። የሽያጭ ታክስ ዘመን ሲመጣ ማን የት ቆሞ፣ ምን ገዝቶ፣ ምን ሳይገዛ መኖር እንዳለበት አስቀድሞ ማወቅ ይበጃል። ምክሬ ነፃ ነው፤ ቫትም የለበትም።

በቅድሚያ ብቻችሁን እንዳልሆናችሁ ዕወቁ። አሜሪካ ውስጥ ጆን ሊንደር የሚባሉ የጆርጂያ እንደራሴ እ.ኤ.አ. በ1999 «ፌር ታክስ» የተሰኘ ረቂቅ ለምክር ቤቱ አቅርበው ነበር። የገቢ ግብር ይቅር፤ ሰብሳቢው መሥሪያ ቤትም ይዘጋ፤ የገቢ ግብርን የፈቀደው፣ በ1913 የጸደቀው 16ኛው የሕገ መንግሥት ማሻሻያ ይሻር፤ በምትኩ አንድ አገር አቀፍ የሽያጭ ታክስ ይኑር ይላል ረቂቁ። ሊንደር ጡረታ ቢወጡም ረቂቁ ጡረታ አልወጣም፤ ምክር ቤቱ በታደሰ ቁጥር ሌላ እንደራሴ እያነሣው ይኸው ከሃያ ዓመት በላይ ሆነው። አንድም ጊዜ አልጸደቀም። ሚኒሶታ ዘመድ ያላችሁ ደውላችሁ ብትጠይቁ፣ ዘመዳችሁ ሚያዝያ ላይ የገቢ ግብር ቅጹን ሲሞላ እንዳመሸ ይነግራችኋል።

ከአሜሪካኖቹ ግን አንድ ብልሃት እንማር። ታክሱ «23 በመቶ ብቻ ነው» ይላሉ። የ100 ዶላር ዕቃ ስትገዙ የሚጨመርባችሁ ግን 30 ዶላር ነው። እንዴት ቢሉ፣ ከከፈላችሁት 130 ዶላር ውስጥ 30ው ሲሰላ 23 በመቶ ይሆናል። በዚህ አቆጣጠር የእኛ ቫት 15 በመቶ መሆኑ ቀርቶ 13 በመቶ ሊባል ነው፤ ያውም ማንም አምስት ሳንቲም ሳይቀንስ። ይህን ብልሃት ለሚመለከተው ሚኒስቴር ያለ ክፍያ አበርክቻለሁ። እናንተ ደግሞ አንድ ባለሥልጣን ቴሌቪዥን ላይ ወጥቶ አዲስ የታክስ መጠን ሲናገር ከመጨብጨባችሁ በፊት «ከላይ የሚጨመር ነው ወይስ ከውስጥ የሚሰላ?» በሉ።

ሁለተኛው ዝግጅት የታሪክ ነው። ሊቁ የሽያጭ ታክስን እንደ አዲስ ግኝት ሲያወራው ዝም ብላችሁ አትስሙ። ይህች አገር የሽያጭ ታክስ ነበራት። በንጉሡ ዘመን ትራንዛክሽን ታክስ ይባል ነበር፤ በ1985 ዓ.ም. «የሽያጭና ኤክሳይዝ ታክስ» ተብሎ እንደገና ታወጀ፤ በ1995 ዓ.ም. ደግሞ ለተጨማሪ እሴት ታክስ ቦታውን ለቀቀ። ያስለቀቀው ምክንያት ቀላል ነው፤ አንዱ ዕቃ ከእጅ ወደ እጅ በተላለፈ ቁጥር ታክስ በታክስ ላይ ይደራረብ ነበር፣ በየመሐሉ የሚሰወረውም ብዙ ነበር። ስለዚህ ጥያቄያችሁ ወደፊት የመራመድ ሳይሆን ወደ ኋላ የመመለስ ነው። ይህ እንዳያሳፍራችሁ፤ «ወደ ባህላችን እንመለስ» በሉት፣ ሰሚ ታገኛላችሁ።

ወለጋ ላይ ባህሉ የበለጠ ጥልቅ ነው። ነቀምቴ ከተማ መሐል የኩምሳ ሞረዳ ቤተ መንግሥት አለ፤ ያላያችሁት ሄዳችሁ እዩት። የለቃ ነቀምቴው ሞረዳ በከሬ ለምኒልክ በገበረ ጊዜ ግዛቱ እንደ ጅማ አባ ጅፋርና እንደ ጆቴ ቱሉ ቄለም የቁርጥ ግብር አገር ሆነ። ትርጉሙ ግልጽ ነበር፤ የተቆረጠውን ወርቅና የዝሆን ጥርስ አስገባ፣ ውስጥህን ግን ራስህ አስተዳድር። ልጁ ኩምሳ፣ በክርስትና ስሙ ደጃዝማች ገብረ እግዚአብሔር፣ ይህንኑ ይዞ ቀጠለ። ከላይ ሆኖ ለሚያይ ከዚህ የቀለለ የግብር ሥርዓት የለም፤ ቅጽ የለ፣ ኦዲት የለ፣ ማሽን የለ። ከታች ሆኖ ለሚያየው ደግሞ ወርቁን ከወንዝ አሸዋ ውስጥ እያጠበ የሚያወጣው ሰው ሌላ ነበር፤ ደጃዝማቹ አላጠቡም። በዚያው ዘመን ነጋዴው በየኬላው እየቆመ ቀረጥ ይከፍል ነበር፤ ቡናውን ጭኖ የወጣ ሲራራ ነጋዴ ስንት ኬላ እንደሚያልፍ አስልቶ ነው ዋጋ የሚቆርጠው። እንግዲህ አያቶቻችሁ ሁለቱንም ቀምሰዋል፤ ቁርጡንም ኬላውንም። የትኛው እንደሚሻል ስምምነት ላይ ደርሰው ቢሆን ኖሮ እኛ ዛሬ በዚህ ባልተጨቃጨቅን።

አሁን ወደ ዋናው ምክር። ደመወዝተኞች ሆይ፣ ከእናንተ ልጀምር፤ ሐሳቡን ከማንም በላይ የምታጨበጭቡለት እናንተ ናችሁና። ከሐምሌ 2017 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሠራው የተሻሻለው የገቢ ግብር አዋጅ ከደመወዝ የመጀመሪያውን 2,000 ብር ነፃ ያደርጋል፤ ከዚያ በላይ ያለውን ከ15 በመቶ ጀምሮ እያሳደገ፣ 14,000 ብርን ያለፈውን 35 በመቶ ይወስዳል። ጉቴ ባለችበት ዋዩ ቱቃ ወረዳ ውስጥ ደመወዙ 12,000 ብር የሆነ መምህር ግብሩ 2,250 ብር ነው። በዚያ ላይ የጡረታ መዋጮ 7 በመቶ፣ 840 ብር። በእጁ የሚገባው 8,910 ብር ይሆናል። ይህ ሰው ደረሰኝ አይደብቅም፣ ገማች አይለምንም፣ ማሽን አያበላሽም፤ ብሩ እሱ ጋ ሳይደርስ ተቆርጧል። መንግሥት በወለጋ ምድር እንደ ደመወዝተኛ የሚወደው ፍጡር የለም።

እንግዲህ የገቢ ግብር ቀረ እንበል። 2,250ው ብር ኪስ ገባ። በምትኩ ቫቱ ከ15 ወደ 30 በመቶ ወጣ እንበል፤ እንበል ነው፣ ማንም እንዲህ አላወጀም። ምክሬ ይህ ነው፤ ደረሰኝ ያለውን ነገር ሁሉ ሽሹ። ጤፉንና በቆሎውን ቅዳሜ ገበያ ከገበሬው እጅ ስፈሩ። ጎመን ከጓሮ፣ ቅቤ ከአዴዎቹ፣ ማር ከቆላ ከሚመጣው ሰው ግዙ። ጫማ እስኪያልቅ ተጫሙት፣ ካለቀም ሊስትሮው ጋ ውሰዱት፤ ሊስትሮ ማሽን የለውም። ቤት ልትሠሩ ከሆነ ቆርቆሮና ሚስማር የሚባሉ ነገሮች መኖራቸውን እርሱ፤ አያቶቻችሁ በሣር ክዳን ኖረዋል። ሞባይል አትግዙ፣ ካርድ አትሙሉ። በዚህ ሁኔታ ዓመት ከቆያችሁ ግብር የማይነካው ዜጋ ትሆናላችሁ፤ ሊቁ የተመኘላችሁም ይኸው ነው።

አንዲት የጽዳት ሠራተኛ ደግሞ አለች። ደመወዟ 2,000 ብር ነው እንበል። ዛሬ የገቢ ግብር አትከፍልም፤ ሕጉ ከነፃው መስመር በታች አድርጓታል። በአዲሱ ሥርዓት ግን ማዕረጓ ከፍ ይላል፤ ሳሙና ስትገዛ፣ ለልጇ ነጠላ ጫማ ስታይ፣ እስክርቢቶ ስታነሣ፣ ነቀምቴ ላይ ባለ አራት ፎቅ ከገነባው ባለሀብት ጋር እኩል መጠን ትከፍላለች። ባለፎቁም ቢሆን ያለው አንድ ጥንድ እግር ነው፤ ከእሷ የበለጠ ነጠላ ጫማ አይገዛም። የቀረውን ገንዘቡን ሌላ መሬትና ሌላ ፎቅ ያደርገዋል እንጂ ሳሙና አያደርገውም። እንኳን ደስ ያለሽ በሏት።

አሜሪካኖቹ ለዚህ መልስ አላቸው። ለመሠረታዊ ፍጆታ የሚወጣውን ታክስ መንግሥት ለእያንዳንዱ ቤተሰብ በየወሩ መጀመሪያ ላይ አስቀድሞ ይልካል፤ ስለዚህ ድሃው አይጎዳም ይላሉ። ጥሩ መልስ ነው። እኛም ጋ እንዲሠራ ቀበሌ ይመዝግበን። የቤተሰብ ቁጥር ይጻፍ፣ ሦስት ምስክር ይቅረብ፣ ፎቶ ይነሳ፣ ማኅተም ይመታ፣ ኃላፊው ስብሰባ ላይ ከሆነ ማክሰኞ ይባል። ወረቀቱ ከጉቴ ነቀምቴ፣ ከነቀምቴ ፊንፊኔ ይሂድ። ከዚህ አገር ቡና ልኮ የቫት ተመላሽ የጠየቀ ላኪ ብታገኙ ተመላሽ የሚባለው ነገር በስንት ጊዜ እንደሚመለስ ጠይቁት። የጽዳት ሠራተኛዋ በወሩ መጀመሪያ ላይ ሊደርሳት የሚገባው የሳሙና ብር ልጇ ዩኒቨርሲቲ ሲገባ ይደርሳታል፤ ቢዘገይም አይቀርምና ተስፋ አትቁረጥ።

ነጋዴዎች ሆይ፣ ተራው የእናንተ ነው፤ ለእናንተ ደግሞ ምክሬ ብዙ ነው።

ብዙ ሱቅ ውስጥ ያለውን የሽያጭ መመዝገቢያ ማሽን ታውቁታላችሁ። ጥግ ላይ ተቀምጧል፣ ብናኝ እንዳይገባበት የዳንቴል ጨርቅ ለብሷል፣ ከጎኑ የሒሳብ ማሽን አለ፤ ሥራ የሚሠራው የሒሳብ ማሽኑ ነው። ገዢው የበር ቁልፍ አንሥቶ ዋጋ ይጠይቃል። ባለሱቁ በትሕትና ጥያቄውን በጥያቄ ይመልሳል፤ «በደረሰኝ ነው ያለ ደረሰኝ?» ያለ ደረሰኝ 1,000፣ በደረሰኝ 1,150። ገዢው የራሱን ቤት የሚሠራ ከሆነ መልሱን ታውቁታላችሁ፤ የመንግሥት ዕቃ ገዢ ከሆነ ደረሰኝ ይፈልጋል፣ አንዳንዴም ከገዛው የሚበልጥ ደረሰኝ ይፈልጋል። በዚህ መሐል ማንም ማንንም አልዋሸም፤ ሁለቱም ደስ ብሏቸው ተለያይተዋል። የተጎዳው ሦስተኛው ወገን ነው፣ እሱ ደግሞ ሱቁ ውስጥ አልነበረም።

ታክሱ 30 በመቶ ሲሆን ያው ቁልፍ በደረሰኝ 1,300 ብር ነው። ዛሬ ሁለቱ ሰዎች በመስማማታቸው የሚያተርፉት 150 ብር ነበር፤ ያን ጊዜ 300 ይሆናል። ስለዚህ ከአሁኑ ተለማመዱ። «ኔትወርክ የለም»፣ «ወረቀት አልቋል»፣ «መብራት ሄዷል»፣ «ማሽኑ ጥገና ሄዷል» የሚሉትን በየተራ ተጠቀሙ እንጂ አንዱን ሳምንቱን ሙሉ አትደጋግሙ፤ መብራት ቢሄድም ሳምንት መቆየቱ ለሚያምን ይከብዳል (ጉቴ ላይ እንኳ)። ልጃችሁ ሱቅ ውስጥ የሚቆም ከሆነ ገዢውን ዓይቶ የመለየት ጥበብ አስተምሩት፤ ፎልደር የያዘ፣ ጫማው የተወለወለ፣ ዋጋ የማይከራከር ሰው ሲመጣ ጨርቁ ከማሽኑ ላይ ይነሣ።

አንድ ነገር ግን ለሊቁ ሳልነግረው ባልፍ ሙያ ማበላሸት ይሆንብኛል። ቫት ከዱሮው የሽያጭ ታክስ የሚለይበት ነገር አለ። አስመጪው ከፍሎ ለጅምላ አከፋፋዩ ደረሰኝ ይሰጣል፤ አከፋፋዩ የከፈለውን ለማካካስ ያንን ደረሰኝ ይፈልገዋል፤ እሱም ለቸርቻሪው ይሰጣል። ሁሉም የላይኛውን ይጠብቃል። የመጨረሻው ባለሱቅ ቢሰውር እንኳ የሚቀረው የሱ ድርሻ ብቻ ነው። ሊቁ የሚፈልገው ታክስ ግን በመጨረሻው ሽያጭ ላይ ብቻ የሚጣል ነው፤ ያ ባለሱቅ ጨርቁን ካላነሣ ከወደቡ ጀምሮ የመጣው ሁሉ በአንድ «ያለ ደረሰኝ» ያልቃል። በወረቀት ላይ ሲታይ የቫት ሰንሰለት ያምራል፤ መሬት ላይ ሰንሰለቱ የሚበጠሰው ግን ከላይ ነው። በኅዳር 2017 ዓ.ም. መርካቶ ሱቆች ተዘግተው የዋሉት በዚሁ በደረሰኝ ጉዳይ ነበር። ቁጥጥሩ ሲጠብቅ ቸርቻሪው «ሽጬ ደረሰኝ ልስጥ፤ ለእኔ የሸጠልኝ ደረሰኝ ካልሰጠኝስ?» አለ። የጉቴና የነቀምቴ ባለሱቅ ዕቃውን የሚያመጣው ከዚያው ከመርካቶ፣ 330 ኪሎ ሜትር ገደማ አቋርጦ ነው። ያለ ደረሰኝ የተጫነ ጨርቅ ጌዶንና ባኮን አልፎ ነቀምቴ ሲደርስ ደረሰኝ አያበቅልም። እና ነቀምቴ ላይ የሚቀጣው የመጨረሻው ሰው ነው፤ የፊተኛው ስሙም አይታወቅ።

ትናንሽ ነጋዴዎች ሆይ፣ ለእናንተ ምሥራች አለኝ፤ ሊቁ የተመኘው በከፊል ተፈጽሟል፣ እሱ ብቻ ነው ያልሰማው። በዚሁ በ2017ቱ ማሻሻያ ዓመታዊ ሽያጩ ከ2 ሚሊዮን ብር በታች የሆነ ነጋዴ ግብሩ የሚታሰበው በትርፉ ሳይሆን በሽያጩ ላይ ነው። ትልልቁም አላመለጠም፤ «ዘንድሮ ኪሳራ ነው» ብሎ ቢያስታውቅ ዝቅተኛ አማራጭ ግብር በሚል የጠቅላላ ሽያጩን 2.5 በመቶ ይከፍላል። ስሙ ገቢ ግብር ነው፤ የሚለካው ግን ሽያጭ ነው። የገቢ ግብሩ ቀስ በቀስ የሽያጭ ታክስ ሲሆን እያየን ነው፤ ደስ አላላችሁም? እንግዳ ነገር ነው፤ የጠየቃችሁት ሲሰጣችሁ ደስ አይላችሁም።

ምክንያቱን አውቀዋለሁ። ትርፍም ይለካ ሽያጭ፣ በሩ ላይ የሚመጣው ሰው ያው ነው፣ ጥያቄውም ያው ነው፤ «በቀን ስንት ይሸጣሉ?» በሐምሌ 2009 ዓ.ም. የቀን ገቢ ግምት የተባለው ሲወጣ አምቦና ወሊሶ ላይ ሱቆች ተዘጉ፣ አዲስ አበባም ኮልፌ አካባቢ አጉረመረመ። በዚያ ወር የተገመተው ትርፍ አልነበረም፤ የዕለት ሽያጭ ነበር። እንግዲህ የሽያጭ ታክስ ምን እንደሚመስል በዚያ ሐምሌ ቀምሰነዋል። ሦስት ሰዎች ደብተር ይዘው ይገባሉ፣ መደርደሪያውን ያያሉ፣ አንዱ የስኳር ጆንያውን በእግሩ ነካ ያደርጋል። «አዴ፣ በቀን ስንት ይሸጣሉ?» «ኧረ ምን ሽያጭ አለ ልጄ፣ ለመዋያ ነው እንጂ።» ልጅየው ይጽፋል። ምን እንደጻፈ የሚታወቀው ወሩ አልቆ ማስታወቂያ ሲለጠፍ ነው። ምክሬ፦ ገማቾች በሚመጡበት ሳምንት መደርደሪያው ግማሽ ይሁን፣ ሬዲዮው ይዘጋ፣ አዲሱን ጋቢ አትልበሱ፤ ባንክ ብድር ልትጠይቁ ስትሄዱ ደግሞ ሽያጩን ሦስት እጥፍ አድርጋችሁ ተናገሩ። ሁለቱን ቁጥሮች በአንድ ደብተር አትጻፉ።

ግምት የጠላነው እኛ ብቻም አይደለን። በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር ሲታወጅ ጎጃም አመጸ፤ ገበሬው የፈራው ከብሩ ይልቅ መሬቱ መለካቱን ነበር፣ መንግሥትም በመጨረሻ አፈገፈገ። ሰው ኪሱ ሲነካ ያጉረመርማል፣ ሲለካ ግን ያምጻል።

ገበሬዎች ሆይ፣ ለእናንተ ምክሬ አጭር ነው፤ ባላችሁበት ሁኑ። የወለጋ ትልቁ ሀብት ቡናው ነው፤ ለቀምት እየተባለ ዓለም ገበያ ድረስ ስሙ ይጠራል። ቡና ወደ ውጭ ሲላክ ቫቱ ዜሮ ነው፤ የትኛውም አገር በራሱ ላኪ ላይ የሽያጭ ታክስ መጫን አይሻም። እንግዲህ ከዋዩ ቱቃ ጓሮ ወጥቶ፣ ከሰብሳቢ ወደ አቅራቢ፣ ከአቅራቢ ወደ ላኪ አልፎ ጅቡቲ የሚደርሰው ቡና በመንገዱ የሚያስገኘው ትርፍ ዛሬ ቢያንስ በገቢ ግብር ይነካል። ነገ የገቢ ግብሩ ከቀረ ትልቁ ላኪ አንዲት ሳንቲም ሳይከፍል ያልፋል፤ ገበሬው ግን በዚያው ቡና ገንዘብ የገዛው ቆርቆሮ 30 በመቶ ይከፈልበታል። የመሬት መጠቀሚያውም አይቀርለት። ፍትሕ ማለት አንዳንዴ እንዲህ ነው፤ አንዱ ቡና ይልካል፣ አንዱ ቆርቆሮ ይገዛል።

የሕግ ሰዎች ካላችሁ ደግሞ የሕገ መንግሥቱን አንቀጽ 97 አንብቡ፤ አጭር ነው፣ ምሳ ሳይቀርብ ያልቃል። የክልል መንግሥት ሠራተኛ የደመወዝ ግብርና የግለሰብ ነጋዴ ግብር የክልሉ ነው። የዋዩ ቱቃ መምህር የሚቆረጥበት 2,250 ብር ለኦሮሚያ ነው የሚገባው፤ ከዚያው ገንዘብ የወረዳ ትምህርት ቤት ጠመኔ ይገዛል፣ የዚያው መምህር ደመወዝ ይከፈላል። አገር አቀፍ የሽያጭ ታክስ የሚሰበስበው ማን ይሆን? «አገር አቀፍ» ከሆነ መቼም ፊንፊኔ ላይ ነው የሚሰበሰበው። ጉቴ ድርሻዋን ከበጀት ማከፋፈያ ቀመሩ ትጠብቅ። ቀመር ደግሞ የሚታወቀው ስሌቱ ጥሩ ሆኖ ውጤቱ ዘግይቶ ሲመጣ ነው። ነቀምቴ ላይ የክልሉ ገቢዎች ሰው፣ አጠገቡ የፌዴራሉ ሰው በአንድ ሱቅ በር ላይ ተገናኝተው «ቀድሜ የመጣሁ እኔ ነኝ» ሲባባሉ የምናይበት ቀን ቢመጣ ባለሱቁ ቡና ያፍላላቸው፤ ጊዜ ይገዛል።

በመጨረሻ ሊቁ ሁልጊዜ የሚያመጣው ምሳሌ አለው፤ «ዓረብ አገር እኮ ደመወዝ ላይ ግብር የለም!» እውነት ነው። ሳዑዲ ዓረቢያ ደመወዝ ላይ የገቢ ግብር የላትም። እ.ኤ.አ. በ2018 ቫት በ5 በመቶ ጀመረች፣ በሐምሌ 2020 ወደ 15 በመቶ አሳደገችው፤ የእኛን ያህል። ልዩነቱ ቤቷ ሥር ያለው ዘይት ብቻ ነው፤ ይህን ትንሽ ልዩነት ካስተካከልን የቀረው ሁሉ ይሳካል። ጉድጓድ ቆፋሪዎች ካላችሁ ከወዲሁ ጀምሩ። እስካሁን የገቢ ግብርን ከነአካቴው ጥሎ በሽያጭ ታክስ ብቻ የሚኖር፣ ዘይት የሌለው ትልቅ አገር የለም፤ አሜሪካም ረቂቁን እያነበበች ነው፤ የኢትዮጵያ የታክስ ገቢ ደግሞ ከአገሪቱ ጠቅላላ ምርት አንጻር ከ10 በመቶ በታች ወርዶ ከአፍሪካ ዝቅተኞቹ ተርታ ከተሰለፈ ቆይቷል። እንዲህ ያለ አገር ካሉት ሁለት እጆች አንዱን ይቁረጥ የሚለውን ሐሳብ ለማስፈጸም ድፍረት ይጠይቃል፤ እናንተ ድፍረት አላችሁ፣ አውቃለሁ።

አሁን ግን ነገሩ እስኪሆን ድረስ ሕጉ ያው ነው። ገቢ ግብሩም ቫቱም አለ። ደመወዝተኛ የሆናችሁ ምንም ማድረግ አይጠበቅባችሁም፤ ተቆርጧል። ትልልቆቹ የደረጃ «ሀ» ነጋዴዎች ሒሳባችሁን የምታስታውቁት ከሐምሌ 1 እስከ ጥቅምት 30 ነው። ጥቅምት 29 እና 30 ነቀምቴ ላይ ሰልፉ ረጅም ነው፣ ኔትወርኩም በዚያ ቀን ነው በእውነት የሚጠፋው፤ ቀደም ብላችሁ ሂዱ፣ ስትወጡም ደረሰኛችሁን ተቀበሉ።